ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ያጠፋው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1970 ኢትዮጵያ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀቻቸው የፈንጣጣ ሕሙማን 722 ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 26,329 አሻቀበ። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በሽታው ከሠላሳ እጥፍ በላይ ተዛምቶ አይደለም። ፈንጣጣ ድሮም በየጎጡ ነበር፤ በ1971 መጀመሪያ የማጥፋት ዘመቻው ሲነሣ ግን በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየዓመቱ ቁልቁል ወረደ። በ1972 16,999፣ በ1973 5,414፣ በ1975 3,935 ሆነ። ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1976፣ በባሌ ክፍለ ሀገር በኤልከሬ አውራጃ ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት ትንሽ ልጅ ላይ ሽፍታው ወጣ። እሷ የአገሪቱ የመጨረሻ የፈንጣጣ ታማሚ ሆነች።

እነዚህን ቁጥሮች ያነበበ ሰው ክትባቱ አሸነፈ ብሎ መደምደሙ አይቀርም። ያለ ክትባቱ ድሉ እንደማይታሰብ እውነት ነው። ነገር ግን ክትባቱ ከ1971 በፊትም ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ከላም ፈንጣጣ የወሰደውን ፈሳሽ በስምንት ዓመት ልጅ ክንድ ላይ የከተበው በ1796 ነው። ወደ አዲስ አበባም በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ገብቶ ይሰጥ ነበር። እንግዲያው ሰባ ዓመት ያህል በእጅ የነበረ መከላከያ ያላጠፋውን በሽታ፣ ስድስት ዓመት ያልሞላ ሥራ እንዴት አጠፋው? መልሱ ያለው በአንድ ልዩነት ውስጥ ነው፤ የአንድን ሰው አካል ከበሽታ መጠበቅና በሽታው በሕዝብ መካከል የሚሄድበትን መንገድ መዝጋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ሕዝቡ ከሐኪሞች አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ሁለተኛው ግን ታማሚን የመፈለግን፣ የመቁጠርንና የመጠበቅን ጥበብ ጠየቀ። የነርስነት ተማሪ ስለ ሰውነት የመከላከል አቅም በሚማርበት ክፍል ውስጥ ይህ ታሪክ ቦታ ሊኖረው ይገባል የምለውም፣ ይህን ልዩነት ከእሱ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን ባለመኖሩ ነው።

አንድ ጊዜ የታመመ ዳግም በዚያው በሽታ እንደማይያዝ የሰው ልጅ ያስተዋለው ከጥንት ጀምሮ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 በአቴና የገባውን መቅሠፍት ሲተርክ፣ ከሞት የተረፉት ሰዎች ሕሙማኑን ያለ ፍርሃት ያስታምሙ እንደነበር ጽፏል። በኢትዮጵያም ፈንጣጣ ቤተ መንግሥትና ጎጆ አይመርጥም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ በሽታው ከተማውን ይዞት ነበር፤ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ውስጥም የታመሙ ልጆችን አክሟል። ዐፄ ምኒልክን በዐይናቸው ያዩ የውጭ ሰዎች በንጉሡ ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ እንደነበረ ደጋግመው ጽፈዋል። እንዲህ ዓይነት ፊት በየገበያው የሚታይ ነበርና፣ ጠባሳውን የያዘ ሰው ከዚያ ወዲያ ፈንጣጣን እንደማይፈራ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር።

ሕዝቡ በዚህ እውቀት ላይ ቆሞ አንድ እርምጃ ሄዷል። የወረርሽኙ ወሬ ሲሰማ፣ በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል መግል ወይም ቅርፊት ተወስዶ፣ በጤነኛው ሰው ክንድ ላይ በምላጭ በተበጣ ቆዳ ውስጥ ይገባ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህን ልማድ መዝግቦታል፤ በጎጃም ደግሞ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል። ልማዱ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፤ በቻይና፣ በህንድ፣ በቱርክና በምዕራብ አፍሪካም ይታወቅ ነበር። በ1721 ቦስተን በፈንጣጣ ስትመታ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ ለከተማዋ ቄስ ኮተን ማዘር አስረድቶ የነበረው ኦኔሲመስ የተባለ በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነው። ሐኪሙ ዛብዲየል ቦይልስተን በዚያ ዓመት 240 ያህል ሰዎችን በዚሁ ዘዴ ከትቦ ስድስቱ ሞቱ። በሽታው በራሱ መንገድ ከያዛቸው ወደ 5,900 ከሚጠጉ የከተማዋ ነዋሪዎች ግን 844ቱ ሞተዋል። ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ሰውና ከመቶ አሥራ አራት ሰው ማለት ነው። ይህ ንጽጽር ልማዱ ከንቱ እምነት እንዳልነበረ ያረጋግጣል፤ ሠሪዎቹ ምክንያቱን ባያውቁም ውጤቱን አይተው የያዙት ሥራ ነበር።

ምክንያቱን ዛሬ ማስረዳት ይቻላል። ፈንጣጣ በተለመደው መንገዱ የሚገባው በትንፋሽ ነው፤ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ተነሥቶ ምልክት ሳያሳይ 12 ቀን ያህል በሰውነት ውስጥ ይባዛል። ቫይረሱ በክንድ ቆዳ ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚባዛው በዚያች ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ባዕዱን ነገር ቆርሰው ይይዙና ብብት ሥር ወዳሉት ዕጢዎች ይወስዱታል፤ እናቶች ንፍፊት የሚሉት እብጠት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በዕጢዎቹ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቢ ሴልና ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠባበቃሉ። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ ከመጣው ባዕድ ጋር የሚገጥሙት ጥቂቶቹ ብቻ ተመርጠው መራባት ይጀምራሉ። ይህ ምርጫና ርቢ ጊዜ ይፈልጋል። ቫይረሱን የሚዋጉት ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ በበቂ መጠን እስኪገኙ ድረስ በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በተፈጥሮ የታመመ ሰው የሚሸነፈው ቫይረሱ ይህን ጊዜ ስለሚቀድመው ነው። በቆዳ መከተብ፣ እንደሚታመነው፣ ለሰውነት ያስገኘለት ነገር ይህንኑ ጊዜ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ አብዛኞቹ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። ባዕዱ ተመልሶ ቢመጣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምላሹ በቀናት ውስጥ ይደርሳል። በመማሪያ መጻሕፍት የመከላከያ ትውስታ የሚባለው ይህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስናየው ልማዳዊው ክትባት የግለሰቡን ችግር በአብዛኛው ፈትቶለታል። ያልፈታው የጎረቤቱን ነው። በሰው ፈንጣጣ የተከተበው ሰው የያዘው እውነተኛውን ፈንጣጣ ነው፤ እሱ ቀለል ብሎት ቢነሣም ያልተከተበው ጎረቤቱ ከእሱ ተቀብሎ በከባዱ ሊያዝና ሊሞት ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ለክትባቱ የሚሆነው መግል የሚገኘው ከታማሚ ስለሆነ፣ ልማዱ እንዲቀጥል በሽታው አብሮት መቀጠል ነበረበት። እያንዳንዱን ቤት የሚጠብቀው ጥበብ የሕዝቡን በሽታ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻግር ነበር። ይህን የምለው የጥንቶቹን ከታቢዎች ለመውቀስ አይደለም፤ በዘመናቸው ከእነሱ የተሻለ ነገር ያቀረበላቸው አልነበረም። ቁም ነገሩ፣ አንድ መከላከያ ለግለሰብ የሚሰጠው ጥቅምና ለማኅበረሰብ የሚሰጠው ጥቅም እርስ በርሳቸው ሊቃረኑ እንኳ እንደሚችሉ ማስተዋሉ ነው።

የጄነር ክትባት ይህን ቅራኔ አስወገደ። ቫክሲኒያ የሚባለው የክትባቱ ቫይረስ የፈንጣጣ ዘመድ ነው። የመከላከያ ሕዋሳት አንዱን ሲለዩ ሌላውንም ለመለየት የሚበቃ መመሳሰል አላቸው፤ የተከተበው ሰው ግን ፈንጣጣን ለማንም አያስተላልፍም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሁለት ነገሮች ተጨመሩበት። የመጀመሪያው ቀዝቅዞ የደረቀው ክትባት ሲሆን፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ያህል ሳይበላሽ ስለሚቆይ ማቀዝቀዣ የሌለበት ቆላ ድረስ ሊወሰድ ቻለ። ሁለተኛው ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ መርፌ ነው። ከታቢው መርፌውን በበጠበጠው ክትባት ውስጥ ይነክረዋል፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል አንዲት ጠብታ ተይዛ ትቀራለች። ከዚያ መርፌውን በክንድ ቆዳ ላይ አቁሞ በአንዲት ጠባብ ቦታ 15 ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይወጋል፤ ትንሽ የደም ጤዛ ከታየ በትክክል ተከትቧል ማለት ነው። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ቦታው ላይ ትንሽ እባጭ ይወጣል፤ እባጩ ውኃ፣ ቆይቶም መግል ይቋጥራል፤ ይደርቅና በሦስተኛው ሳምንት ግድም ቅርፊቱ ወድቆ ጠባሳ ይተዋል። ያ ጠባሳ ደግሞ ማስረጃ ነው። መዝገብ ባልነበረበት አገር የማንን ክንድ ክትባት እንደነካው ጠባሳውን ቆጥሮ ማወቅ ይቻል ነበር። በዚህ መርፌ ለመክተብ ብዙ ዓመት የተማረ ሐኪም አያስፈልግም፤ ድሬሰርና ሳኒታሪያን የሚባሉት መለስተኛ የጤና ሠራተኞችም በአጭር ሥልጠና ሊሠሩት ይችላሉ።

መሣሪያው እንዲህ ከተሟላ፣ ቀሪው ሁሉንም ሰው መከተብ ነው የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዘመን ገዥ ሆኖ ቆይቷል። ከመቶ ሰማንያ ሰው ከተከተበ በሽታው በራሱ ይከስማል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይሁንና በሕዝብ የተጨናነቁ አንዳንድ አገሮች ከዚያ የበለጠ ሰው ከትበውም ፈንጣጣው አልለቀቃቸውም። የተከተበው ሰው ቁጥር አማካይ ነዋ! ያልተከተቡት አገር ምድሩ ላይ እኩል ተበትነው አይኖሩም፤ አንድ መንደር፣ አንድ ጎሣ፣ አንድ የስደተኛ ሰፈር ሆነው ይገኛሉ። ቫይረሱም የሚኖረው እዚያው ነው። በ1966 መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄሪያ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ፎጂ፣ ክትባት ስላጠረው፣ ታማሚ የተገኘበትን ቤትና በዙሪያው ያሉትን ብቻ ከትቦ ወረርሽኙን ገታ። እጥረት የወለደው ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ የዘመቻው ሁሉ መሠረት ሆነ። ዘዴው የሠራው ደግሞ በፈንጣጣ ጠባይ ምክንያት ነው። ፈንጣጣ ከሰው በቀር ማደሪያ እንስሳ የለውም። ታማሚው ከመታመሙ በፊት አያስተላልፍም፤ ሽፍታው ፊትና እጅ ላይ ስለሚወጣ ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ለበሽታው የተጋለጠ ሰው በሦስት አራት ቀን ውስጥ ከተከተበ፣ የክትባቱ ምላሽ ከበሽታው ቀድሞ ስለሚደርስ ብዙውን ጊዜ ይድናል። በእያንዳንዱ ታማሚ ዙሪያ መከላከያ ያላቸው ሰዎች ከቆሙ ቫይረሱ የሚሄድበት ያጣል።

ኢትዮጵያ ይህን ዘዴ የተቀበለችው ከሌሎች አገሮች በባሰ ችግር ውስጥ ሆና ነው። አብዛኛው ገበሬ የሚኖረው ከመኪና መንገድ ርቆ ነበር፤ በክረምት ወንዙ ሞልቶ አንዱን አውራጃ ከሌላው ይለያል፤ ጤና ጣቢያ ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ ከደረሰበት ይበዛ ነበር። ሁሉን ሰው ለመክተብ የሚበቃ ሠራተኛ ስላልነበረ፣ ዘመቻው ገና ከመነሻው ለፍለጋው ቅድሚያ ሰጠ። ሠራተኞቹ የበሽታውን ሥዕል የያዘ ካርድ ይዘው ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እየሄዱ፣ እንዲህ ያለ ሽፍታ ያየ አለ ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በሚገናኝበት ገበያ በአንድ ቀን የሚሰማው ወሬ፣ በእግር ሳምንታት የሚወስደውን አሰሳ ይተካል። ታማሚ ሲገኝ ከማን ያዘው፣ እነማን ጠይቀውታል፣ ለልቅሶ ወይም ለሠርግ ወዴት ሄዷል ተብሎ ይጠየቃል፤ በዚያው ዱካ ተሄዶ ያልተከተቡት ይከተባሉ። በዚህ ሥራ ከነበሩት የውጭ ባለሙያዎች አንዱ ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ዴ ኳድሮስ ነው። ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ ፖሊዮን ከአሜሪካ አህጉራት ያስወገደውን ዘመቻ መርቷል፤ እዚያ የመጨረሻው የፖሊዮ ታማሚ የተገኘው በ1991 በፔሩ ነው። ታማሚን መፈለግ ከመክተብ እንደማያንስ በተግባር ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ነበር ማለት ይቻላል።

ልማዳዊው ክትባት ሥር በሰደደበት በጎጃም ብዙ ሰው አዲሱን ክትባት ተቃውሟል። ይህን ተቃውሞ ባላዋቂነት ብቻ መተርጎም ስህተት ይመስለኛል። ሰዎቹ ክትባት የሚባል ነገር ያውቁ ነበር፤ የራሳቸው ከታቢም፣ የራሳቸው ማስረጃም ነበራቸው። የድሮው ክትባት የሚያመጣውን ትኩሳትና ሽፍታ ለለመደ ሰው፣ አንዲት ነጠላ እባጭ ብቻ የምታወጣው የመንግሥት መርፌ ኃይል ያላት አትመስልም። ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ፣ ያለኝ መከላከያ እያለ ይህ የእናንተ ለምን ያስፈልገኛል የሚል ነበር። ትክክለኛው መልስም ያንተ ክንድህን ይጠብቃል፣ ይህኛው ግን ያልተወለደውን የጎረቤትህን ልጅ ጭምር ይጠብቃል የሚለው ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ የሰውየውን እውቀት እንደ እውቀት መቀበል ያስፈልጋል። ዛሬም በክትባት የምታመነታ እናት ፊት የቆመ ነርስ የሚያስፈልገው ብቃት ይኸው ነው፤ እናትየዋ ከምን ተነሥታ እንደምታስብ ሳይሰሙ የሚሰጥ ማብራሪያ ጆሮ አያገኝም።

በዚህ ታሪክ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከሁሉም የሚከብደው በዘመኑ ከራሱ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወገን የተነሣው ነው። በኢትዮጵያ የተስፋፋው የፈንጣጣ ዓይነት ቀላሉ ነበር። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው ከመቶ እስከ ሠላሳ ሲገድል፣ ይህኛው የሚገድለው ከመቶ አንድ ያህል ነው። በሌላ በኩል በ1958 በደጋው የገባው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ይህን ያየ ባለሥልጣን፣ ያለን ጥቂት ባለሙያና ገንዘብ ለወባ ይዋል ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ክርክሩ አንድ ነገር ይስታል። ወባን መቆጣጠር በየዓመቱ የሚደገም ወጪ ነው፤ ፈንጣጣን ማጥፋት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ነበር። በዓለም ላይ አንዲት የተበከለች አገር እስካለች ድረስ ሌላው ሁሉ መክተቡን ማቆም አይችልም፤ ክትባቱ ራሱም አልፎ አልፎ ከባድ ጉዳት ያደርስ ነበርና፣ ማቆሙ ሕይወት ያድናል። የበሽታው መቅለልም ሰንሰለቱን አጠነከረው እንጂ አላላላውም፤ ብዙ ታማሚ አልጋ ላይ ሳይወድቅ ገበያ ይወጣ፣ ከብቱን ይነዳ ነበርና። በኦጋዴን ዘላን አርብቶ አደሮች መካከል የነበረው የመጨረሻው ሰንሰለት ወደ ሶማሊያ ተሻገረ፤ በኦክቶበር 1977 በመርካ ከተማ በአንድ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ላይ አከተመ። በሜይ 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው መጥፋቱን አወጀ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሥራውን የውጭ ሰዎች አቅደው የውጭ ሰዎች ሠሩት የሚል ነው። ገንዘቡ፣ ተሽከርካሪውና ሄሊኮፕተሩ በአብዛኛው ከውጭ መምጣቱ፣ የአሜሪካ ሰላም ጓድና የጃፓን በጎ ፈቃደኞችም መሳተፋቸው አይካድም። ነገር ግን ሄሊኮፕተር ታማሚ አይፈልግም። በየአውራጃው ዓመታት የፈጀውን የእግር ጉዞ የሠሩት በብዛት ኢትዮጵያውያን ድሬሰሮችና ሳኒታሪያኖች ናቸው። በ1974 አብዮቱ ፈንድቶ በየቦታው የጦር መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ሥራው እንዳይቋረጥ ያደረጉትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ከእነሱ በስተጀርባ ደግሞ በሽተኛ የት እንዳለ የሚናገር የመንደር ሰው፣ ተማሪ፣ ቄስና ሼህ አለ። ይህ ሰው ዝም ቢል ኖሮ በ1971 የተመዘገበው ቁጥር 722 ላይ በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለነርስ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፤ ፈንጣጣ ለመጥፋት የተመቸ ልዩ በሽታ ስለነበር ከእሱ የሚወሰድ ትምህርት ለሌላው አይሠራም ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ኩፍኝን እንመልከት። የኩፍኝ ታማሚ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀደም ብሎ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ታማሚውን አይቶ ዙሪያውን ለመክተብ ሲሞከር በሽታው ቀድሞ ሄዷል። በተላላፊነቱም እጅግ ብርቱ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከመቶ 95 ያህሉ ሰው መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ከእናቱ የወረሳቸው ፀረ እንግዳ አካላት በሕፃኑ ደም ውስጥ እያሉ ክትባቱ በደንብ አይሠራም፤ የመጀመሪያው መርፌ እስከ ዘጠኝ ወር የሚቆየውም ስለዚህ ነው። ቴታነስ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ተህዋሲው በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ቢከተብ እንኳ ያልተከተበችውን አንዲት እናት የሚጠብቃት የለም፤ እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ ልጇ የሚድነው እሷ ራሷ ተከትባ ፀረ እንግዳ አካሉን በእንግዴ ልጁ በኩል ካሳለፈችለት ብቻ ነው። ሦስቱን በሽታዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው የተቃውሞው ሁለተኛ ግማሽ ይፈርሳል። ከፈንጣጣ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ሁሌም ዙሪያውን ክተብ የሚል ቀመር አይደለም። እያንዳንዱ ተህዋሲ እንዴት እንደሚሄድ፣ ሰውነትም በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልስለት ሳይታወቅ መርፌ ብቻውን ዕቅድ ሊሆን እንደማይችል ያስተምራል። ለፈንጣጣ ታማሚውን መፈለግ፣ ለኩፍኝ ያልተከተበውን ሁሉ መድረስ፣ ለቴታነስ እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር መድረስ የግድ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አራተኛ ሐሳብም አለ፤ በተፈጥሮ ታምሞ የሚገኝ መከላከያ ይበልጣልና ልጆች ቢታመሙ ምን አለበት የሚል። በአንዳንድ በሽታ ታምሞ መዳን ብርቱ ትውስታ እንደሚተው ሐቅ ነው። ጥያቄው ዋጋው ነው። በፈንጣጣ ዘመን የዚያ መከላከያ ዋጋ ዓይነ ስውርነት፣ የተበላሸ ፊትና ሞት ነበር። ኩፍኝ ደግሞ የትውስታ ሕዋሳትን ራሳቸውን ስለሚያጠቃ፣ ከኩፍኝ የዳነ ልጅ በሌሎች በሽታዎች ላይ ያካበተውን መከላከያ በከፊል ያጣል፤ ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ለሌላ ሕመም ይጋለጣል። ክትባት የሚሰጠው ጥቅም ሰውነት ያንኑ ትውስታ በሽታውን ሳይከፍል እንዲያገኝ ማድረጉ ነው። በየቤቱ ስለ እንገር ጥቅም የሚነገረው ምክርም ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። እንገር በፀረ እንግዳ አካላት የበለጸገ ነው፤ የሚሰጠው ጥበቃ ግን ጊዜያዊ በመሆኑ ክትባትን አይተካም፣ ክትባቱም እሱን አይተካም።

ዓለም የፈንጣጣን መጥፋት ባወጀበት በዚያው 1980 ኢትዮጵያ መደበኛውን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ጀመረች። ሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ ቴታነስና ኩፍኝ የመጀመሪያዎቹ ስድስት በሽታዎች ነበሩ፤ ኋላ ሌሎችም ተጨመሩ። በ2013 ከውጭ የገባ ፖሊዮ በሶማሌ ክልል ሲገኝ፣ ሰንሰለቱን ተከትሎ በ2014 ማስቆም የተቻለው በዚያው አሮጌ መርህ ነው፤ ታማሚውን ፈልግ፣ ያልተደረሰበትን ሕዝብ ለይ፣ እዚያ ድረስ ሂድ። ዛሬ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሞሉት የክትባት ሪፖርት ከመቶ ስንት እንደተከተበ ይጠይቃል፤ ይህ አስፈላጊ ነው፣ ግን አይበቃም። ዘጠና ከመቶ የተባለው ወረዳ፣ የቀሩት አሥሩ በአንድ ቀበሌ የሰፈሩ ከሆነ ወረርሽኝ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ላይ ካርዳቸው ያልተሞላላቸው ልጆች በስም ተለይተው የት እንደሚኖሩ፣ ለምን እንዳልመጡ ሊጠየቅ ይገባል። የመከላከል ሳይንስ የአንድን አካል የውስጥ ሥራ ያስረዳናል፤ በሽታን ከአገር የሚያስወጣው ግን ያ ሳይንስ ገና ያልተደረሰባቸውን ቤቶች ከሚያውቅ ሰው ጋር ሲገናኝ ነው። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ኩፍኝም የሚወጣ ከሆነ ያንን ሥራ በሚሠሩት ነርሶች እጅ ነው።